ከባድ ቫይረስ የገባበት የቤት ኮምፒውተር፦ በአትላንታ ችሎት የታየው ወንጀልና በቤት ውስጥ የሚወሰደው እርምጃ

በአትላንታ ከተማ የሚያስችለው የሰሜን ጆርጂያ የፌደራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2016 በሁለት ሰዎች ላይ የእስራት ቅጣት አሳለፈ። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፓኒን 9 ዓመት ከ6 ወር፣ አልጄሪያዊው ሐምዛ ቤንደላጅ ደግሞ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። «ስፓይአይ» የተባለውን ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በዋናነት የጻፈው ፓኒን ነው። ቤንደላጅ አብሮ ሸጦታል፣ አስተዋውቆታል፣ ራሱም ሰርቆበታል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እንደገለጸው ስፓይአይ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በነበሩት ዓመታት በመላው ዓለም ከ50 ሚሊዮን በላይ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሲገባ፣ ያደረሰው የገንዘብ ጉዳት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል።

የወንጀሉ ሰለባዎች በአብዛኛው ተራ ሰዎች ነበሩ። ከሥራ መልስ ላፕቶፑን ከፍቶ የባንክ ሒሳቡን የሚመለከት ሰው፣ ኮምፒውተሩ ከወትሮው ትንሽ ዘግየት ከማለቱ በቀር ምንም ምልክት ላያይ ይችላል። ስፓይአይ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የሚመታውን እያንዳንዱን ፊደል ይመዘግባል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በእውነተኛው የባንክ ገጽ ላይ የራሱን ተጨማሪ ጥያቄ መለጠፉ ነው። ደንበኛው የለመደውን የባንኩን ገጽ ያያል፣ አድራሻውም ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ባንኩ ጠይቆ የማያውቀውን የካርድ የምሥጢር ቁጥር እንዲሞላ ይጠየቃል። የሞላው ቁጥር ወዲያው ሌቦቹ ወደሚቆጣጠሩት ሰርቨር ይሄዳል። ከነዚህ ሰርቨሮች አንዱ እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ነበር። የፌደራል ምርመራ ቢሮው ኤፍቢአይ በፌብሩዋሪ 2011 ፈትሾ ሲይዘው ከ200 በላይ ኮምፒውተሮችን ይቆጣጠር እንደነበረ፣ በውስጡም የብዙ የገንዘብ ተቋማት መረጃ እንደተከማቸ ተገኝቷል። ጉዳዩ አትላንታ ላይ የታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ፓኒን ሶፍትዌሩን እንደ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ነበር የሚሸጠው። ዋጋው እንደ ዓይነቱ ከ1,000 እስከ 8,500 ዶላር ሲሆን፣ ቢያንስ 150 ደንበኞች ገዝተውታል። ከገዢዎቹ አንዱ በ6 ወር ውስጥ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሰረቀበት ዐቃቤ ሕግ አመልክቷል። ከገዢዎች መካከል ግን የኤፍቢአይ ሰዎችም ነበሩበት፤ በ2011 የበጋ ወራት ማንነታቸውን ደብቀው ከፓኒን ጋር ተነጋግረው አንድ ቅጂ ገዙ። ቤንደላጅ በጃንዋሪ 2013 ከማሌዥያ ወደ አልጄሪያ ሲጓዝ ባንኮክ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። ፓኒንም በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚያውቁት በአትላንታው ሃርትስፊልድ ጃክሰን ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያልፍ በቁጥጥር ሥር ዋለ።

የሌቦቹ መታሰር ቫይረስ የገባበትን ኮምፒውተር አያጸዳም። የስፓይአይ ዘመን ቢያልፍም ሥራውን የወረሱ ብዙዎች ናቸው። ከቅርብ ጊዜዎቹ «ሉማ» የተባለው መረጃ ሰራቂ ሶፍትዌር ይጠቀሳል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከማርች 16 እስከ ሜይ 16 ቀን 2025 በነበሩት ሁለት ወራት ብቻ ከ394,000 በላይ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች በሉማ መያዛቸውን ማረጋገጡን አስታውቋል። ሉማ ይጠቀምባቸው የነበሩ 2,300 ገደማ የኢንተርኔት አድራሻዎች እንዲያዙ ትእዛዝ የሰጠውም ይኸው የሰሜን ጆርጂያ የፌደራል ፍርድ ቤት ነው።

እውነተኛ ቫይረስ ወይስ የሐሰት ማስፈራሪያ?

በስክሪኑ ላይ በድንገት ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርዎ ተጠልፏል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» ቢል፣ ከድምፅ ጋር ቢጮኽ፣ መዝጊያውም አልሠራ ቢል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባ ነገር የለም። የታየው ለማስደንገጥ የተሠራ ተራ ድረ ገጽ ነው። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያዎቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ማሰሻውን በግድ መዝጋት፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትና የነበረውን ገጽ መልሶ አለመክፈት በቂ ነው። አደጋው የሚጀምረው ከተደወለ በኋላ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ራሱን ቴክኒሻን አስመስሎ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም ያስጭናል፤ ከዚያም «ላጸዳበት» ብሎ በስጦታ ካርድ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ይህ ከተፈጸመ የሐሰት የነበረው ማስፈራሪያ እውነተኛ ወረራ ሆኗልና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይመለከተዋል። በእንግሊዝኛ የሚነገራቸውን ተጠራጥሮ መመለስ የሚከብዳቸው በዕድሜ የገፉ ወላጆች በዚህ ዘዴ በቀላሉ ይጠቃሉ።

የእውነተኛው ቫይረስ ምልክት ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተሩ ውጭ ይታያል። ባለቤቱ ያልላከው ኢሜይል ለወዳጆቹ ይደርሳል። በቴሌግራም ስሙ ለዘመድ አዝማድ «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል መልእክት ይሄዳል። ባልተጠየቀበት ሰዓት የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኩ ይመጣል። በኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ የጸረ ቫይረስ መከላከያው ራሱ ጠፍቶ ይገኛል፣ መልሶ ለማብራት ሲሞከርም እምቢ ይላል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ምልክት ነው። መከላከያውን ማጥፋት የቻለ ሶፍትዌር የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን ይዟል ማለት ነውና፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም።

መግቢያ በሮቹም ተለዋውጠዋል። የኢሜይል አባሪ እንደ ድሮው ይሠራል። በኢትዮጵያም በውጭም በሰፊው የሚሠራባቸው «ክራክ» የተደረጉ ፕሮግራሞችና የዊንዶውስ ፈቃድ መስበሪያዎች ግን ከሁሉም የሚበልጡ መንገዶች ናቸው። የሚጭናቸው ሰው የጸረ ቫይረስ መከላከያውን በገዛ እጁ እንዲያጠፋ ይታዘዛልና፣ ሌባው በር መስበር እንኳ አያስፈልገውም። አዲሱ ማታለያ ደግሞ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል ገጽ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር ተጭነው የተገለበጠውን ለጥፈው «ኢንተር» እንዲሉ ይጠይቃል። ተጠቃሚው ሳያውቅ የሚለጥፈው ቫይረሱን አውርዶ የሚጭን ትእዛዝ ነው። ሉማ ከተሠራጨባቸው ዘዴዎች አንዱ ይህ ነበር። ሰው መሆንን ለማረጋገጥ እነዚህን ቁልፎች የሚያስነካ ትክክለኛ ድረ ገጽ የለም።

የመጀመሪያው ሰዓት

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት መለየት ያስፈልጋል። ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ገመድ ካለም መንቀል፣ ከጎኑ የተሰካ የመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ካለ ማላቀቅ። ሰራቂ ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት የሰረቀውን መላክ አይችልም። ፋይሎችን የሚቆልፈው የቤዛ ቫይረስ ደግሞ በቤቱ ወዳሉት ሌሎች ኮምፒውተሮችና ወደ ተሰካው ዲስክ እንዳይሻገር ይገታል።

አትላንታ ይህን በከተማ ደረጃ ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 «ሳምሳም» የተባለ የቤዛ ቫይረስ የከተማዋን አስተዳደር ኮምፒውተሮች ቆለፈ። አጥቂዎቹ በቢትኮይን የጠየቁት ቤዛ በጊዜው ምንዛሪ 51,000 ዶላር ገደማ ነበር። ነዋሪዎች የውኃ ሒሳባቸውን በኢንተርኔት መክፈል አልቻሉም፣ የከተማው ፍርድ ቤት ቀጠሮዎች ተስተጓጎሉ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ለጥንቃቄ ዋይፋዩን ዘጋ። የከተማዋ ሠራተኞች ኮምፒውተራቸውን እንዳይከፍቱ ታዝዘው ለ5 ቀናት ያህል በወረቀትና በብዕር ሠሩ። ከተማዋ ቤዛውን አልከፈለችም፤ የማገገሚያው ወጪ ግን እስከ 17 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በዚያው ዓመት ተዘግቧል። በኖቬምበር 2018 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሳምሳም ጥቃቶች 2 ኢራናውያንን ከሰሰ። ፖሊስ ካጣቸው ፋይሎች መካከል በመኪኖቹ ላይ የተቀረጹ ቪዲዮዎች ይገኙበታል፤ ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ የሌለው ፋይል ዕጣው ይህ ነው።

ኮምፒውተሩ ከተለየ በኋላ የይለፍ ቃል የሚቀየረው በሌላ ንጹሕ መሣሪያ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች ደንግጠው እዚያው በተያዘው ላፕቶፕ ላይ አዲስ የይለፍ ቃል ያስገባሉ፤ ይህ ግን አዲሱንም ለሌባው በእጁ ማስረከብ ነው። የሞባይል ስልክ፣ በተለይም ከቤቱ ዋይፋይ ተላቆ በራሱ የሞባይል ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ለዚህ ይበቃል። በዲካብ ካውንቲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ኮምፒውተሮች ለማንበብና ለማጣራት ያገለግላሉ፤ የባንክ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ግን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ሊሆን አይገባም።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ቀዳሚው ኢሜይል ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በእርሱ በኩል ስለሆነ ኢሜይሉን የያዘ ሰው የቀሩትን አንድ በአንድ ይወስዳል። ባንኩና ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚላክበት አገልግሎት ይከተላሉ፣ ማኅበራዊ መገናኛዎችም ከዚያ በኋላ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያልነበረው ሁሉ አሁን ይብራለት።

የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን ግን አይበቃም። ማሰሻው አንድ ጊዜ የገባንበትን ገጽ እንዲያስታውስ «ኩኪ» የሚባል ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። የዛሬዎቹ ሰራቂዎች ከይለፍ ቃሉ ይልቅ ይህን ፋይል ነው የሚመርጡት፤ እርሱን የያዘ ሰው የይለፍ ቃልም የማረጋገጫ ቁጥርም ሳይጠየቅ ይገባልና። ስለዚህ በየአገልግሎቱ ቅንብር ውስጥ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን መጫን ግዴታ ነው። ኢትዮጵያውያን አብዝተው የሚገለገሉበት ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ ሲጫን የመግቢያ ቁልፉን በአንድ ፎልደር ያኖራል፤ ያ ፎልደር ከተገለበጠ ሌባው በባለቤቱ ስም መጻፍ ይችላል። መፍትሔው በስልኩ ላይ ባለው ቴሌግራም ቅንብር ገብቶ «ዲቫይስስ» በሚለው ሥር ከስልኩ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት ነው። ዋትስአፕም «የተያያዙ መሣሪያዎች» በሚለው ሥር ተመሳሳይ መንገድ አለው። ቀጥሎ ለቤተሰብ በድምፅ ደውሎ «በስሜ ገንዘብ የጠየቃችሁ ቢኖር እኔ አይደለሁም» ማለት ከማንኛውም የቴክኒክ እርምጃ የፈጠነ መከላከያ ሊሆን ይችላል።

ማጽዳት ወይስ ከሥሩ መጀመር?

ቀላል ለሆነ ወረርሽኝ፣ ለምሳሌ ማስታወቂያ እያወጣ ለሚያስቸግር ፕሮግራም፣ ማጽዳት ይበቃል። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር «ኦፍላይን» የተባለ የምርመራ ዓይነት አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሣና ዊንዶውስ ገና ሳይከፈት ይመረመራል፤ ይህም ዊንዶውስ ሲከፈት አብሮ እየነቃ የሚደበቀውን ቫይረስ ተኝቶ ሳለ ለማግኘት ይረዳል። ምርመራው 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በሌላ ድርጅት የተሠራ ሁለተኛ መመርመሪያ መጨመርም መልካም ነው።

ወረራው ከባድ ከሆነ፣ ማለትም መከላከያው ከጠፋ፣ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ፣ ወይም ሌላ ሰው ኮምፒውተሩን ከሩቅ ከተቆጣጠረው፣ አስተማማኙ መንገድ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። ብዙ ሰው ይህን ይሸሸዋል፤ አድካሚ ነው፣ ፎቶ ይጠፋል ተብሎም ይፈራል። ይሁንና መመርመሪያው 10 ቫይረስ አግኝቶ ቢያጠፋ ዐሥራ አንደኛው አለመኖሩን የሚያረጋግጥ የለም። ሙሉ ቀን በማጽዳት ከመድከም ሁለት ሰዓት በመጫን ማሳለፍ ይሻላል።

ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽና አንድ ንጹሕ ኮምፒውተር ያስፈልጋሉ። በንጹሑ ኮምፒውተር ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነጻ የሚወርደውን የመጫኛ ማዘጋጃ በመጠቀም ፍላሹ ይዘጋጃል። ከዚያ የታመመው ኮምፒውተር በፍላሹ ተነሥቶ፣ በዲስኩ ላይ ያሉት ክፍልፋዮች ሁሉ ተሰርዘው፣ ዊንዶውስ በባዶው ላይ ይጫናል። በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዊንዶውስ ፈቃዱ ከማሽኑ ጋር የተመዘገበ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይታደሳል፤ ሌላ ቁጥር መግዛትም፣ ክራክ መፈለግም አያስፈልግም። ዲስኩ ተሰርዞም የሚተርፉ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጡ ቫይረሶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ኢሴት የተባለው ድርጅት በ2018 «ሎጃክስ» ብሎ የሰየመው አንዱ ነው። በተራ ቤተሰብ ኮምፒውተር ላይ መገኘታቸው ግን እጅግ ያልተለመደ ነውና እንቅልፍ ሊነሱ አይገባም። የማክ ባለቤቶችም ቢሆኑ ከነገሩ ነጻ አይደሉም፤ ከ2023 ጀምሮ «አቶሚክ» የተባለው ሰራቂ በእነርሱ ላይ ተነጣጥሯል።

ፎቶግራፎቹስ?

ሰዎች ስለ ኮምፒውተሩ ከሚጨነቁት ይልቅ በውስጡ ስላለው ይጨነቃሉ፤ የሠርግ ፎቶ፣ የእናት ድምፅ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቶች ቅጂ። ዲስኩ ከመሰረዙ በፊት እነዚህ ወደ ውጭ ይወጣሉ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ የድምፅ ቅጂና ተራ ሰነድ ብቻ ይገልበጡ፤ ፕሮግራሞች፣ መጫኛዎችና ስማቸው በ«ኢኤክስኢ» የሚያልቅ ፋይሎች እዚያው ይቅሩ። የተገለበጠው ሁሉ አዲስ በተጫነው ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ ይመረመራል።

ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጣ ፎቶ የራሱ ጣጣ አለው። በፎቶ ቤቶችና በኢንተርኔት ካፌዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ብዙዎች «ሾርትከት ቫይረስ» የሚሉትን ይዞ ይመጣል። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮች ይታያሉ። ፎቶዎቹ በአብዛኛው አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። አቋራጩን የነካ ሰው ግን ቫይረሱን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ያስገባዋል። ስለዚህ ፍላሹ መጀመሪያ ይመረመር፣ ቀጥሎም በዊንዶውስ ቅንብር የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ይደረግ። «ፎቶው ጠፍቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት ፍላሽ ይኖር ይሆን።

በቤዛ ቫይረስ የተቆለፈ ፋይል ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ቢከፈልም ቁልፉ ስለ መምጣቱ ዋስትና የለም፤ ኤፍቢአይም ክፍያን አይደግፍም። የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና የያኔው ኢንቴል ሴኩሪቲ በጁላይ 2016 የመሠረቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ድረ ገጽ ለብዙ የቤዛ ቫይረሶች የተገኙ መፍቻዎችን በነጻ ያቀርባል። ዛሬ መፍቻ የሌለው ቫይረስ ሌቦቹ ሲያዙ ሊገኝለት ስለሚችል የተቆለፉትን ፋይሎች በሌላ ዲስክ አስቀምጦ መጠበቅ ያዋጣል።

አጥቂው ሌባ ካልሆነ

ይህ ሁሉ ምክር የሚሠራው ገንዘብ ፈላጊ ሌባ ለሚያጠቃው ሰው ነው። በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሌላም ታሪክ አለ። በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲባል «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በክሱ እንደተገለጸው፣ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ የመጣ የወርድ ሰነድ ሲከፈት «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ፣ ለ4 ወር ተኩል ያህል የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ፣ የቤተሰቡንም የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲከታተል ቆይቷል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በማርች 2013 ፊንስፓይን የሚቆጣጠር ሰርቨር በኢትዮጵያ መኖሩን ባወጣ በቀናት ውስጥ ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተሩ ራሱን እንዳጠፋ ክሱ ያስረዳል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማርች 14 ቀን 2017 ክሱን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት የሚነሣው ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲፈጸም ብቻ ነው የሚል ነበር። ስለላው አልተፈጸመም የሚል ውሳኔ አልነበረም።

ሲትዝን ላብ በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች «ሃኪንግ ቲም» በተባለ የጣሊያን ድርጅት ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን፣ በዲሴምበር 2017 ደግሞ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዋና ዳይሬክተር የነበረውን ጃዋር መሐመድን ጨምሮ በውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች የእስራኤሉ «ሳይበርቢት» በሠራው ሶፍትዌር መነጣጠራቸውን ይፋ አድርጓል። በሁለተኛው ወጥመዱ ቪዲዮ ለማየት «ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ» የሚል የሐሰት ጥያቄ ነበር።

ጋዜጠኛ፣ የመብት ተሟጋች ወይም በፖለቲካ ውስጥ ያለ ሰው እንግዲህ ኮምፒውተሩን ለመሰረዝ መቸኮል የለበትም። የሚሰረዘው ማስረጃው ጭምር ነው። ከኢንተርኔት ለይቶ፣ የመጣውንም ኢሜይል ሳያጠፋ ባለሙያ ማነጋገር ይቀድማል። «አክሰስ ናው» የተባለው ድርጅት ለጋዜጠኞችና ለሲቪል ማኅበራት ሠራተኞች 24 ሰዓት የሚሠራ ነጻ የዲጂታል ደኅንነት እርዳታ መስመር አለው።

ለማን ይነገራል?

ገንዘብ ከሒሳብ ወጥቶ ከሆነ ከሁሉ በፊት የሚደወለው ለባንኩ ነው፤ ስልኩም በካርዱ ጀርባ ላይ ካለው ይወሰድ እንጂ ከኢንተርኔት ፍለጋ አይወሰድ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ባለቤቱ ያልፈቀደው የኤሌክትሮኒክ ዝውውር በሒሳብ መግለጫው ላይ ከወጣ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ካልተነገረ፣ ከዚያ ወዲያ ለሚወጣው ገንዘብ ባንኩ ተጠያቂ ላይሆን ይችላል። ገንዘብ ባይጠፋም ወንጀሉ አይሲ 3 ተብሎ ለሚታወቀው የኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል በድረ ገጹ ይመዘገባል። አንድ አቤቱታ ብቻውን መርማሪ ላያስነሣ ይችላል፤ የስፓይአይ ዓይነት ክስ ግን የብዙ ጥቃቅን ዘረፋዎች መረጃ ተገናኝቶ የሚሠራ ነው።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የግብር ሰነድ በኮምፒውተሩ ላይ ከነበረ በሌላው ስም ብድር እንዳይወሰድ ክሬዲት ማስቆለፍ ይገባል። ከሴፕቴምበር 2018 ወዲህ በሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፒሪያንና በትራንስዩኒየን፣ ማስቆለፍ ነጻ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ኢኩፋክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው አትላንታ ሲሆን፣ በ2017 የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ የተሰረቀው ከራሱ ቋት ነበር። ነጻ የማስቆለፍ መብት በሕግ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮምፒውተሩ ታድሶ ወደ ቤቱ ዋይፋይ ከመመለሱ በፊት ራውተሩ ይታይ። ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል ይዞ የቆየ ራውተር ካለ ቃሉ ይቀየር፣ ሶፍትዌሩም ይታደስ። በዚያው ዋይፋይ የሚሠሩ ሌሎች ኮምፒውተሮች፣ በተለይም ልጆች ጨዋታ የሚጭኑበት፣ ይመርመሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት የባንክ መግለጫውን መስመር በመስመር ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተሰረቀ መረጃ ብዙ ጊዜ ተሸጦ ገዢ እጅ እስኪገባ ይቆያልና።

የቀረው አሮጌው ላፕቶፕ ነው። ከክላርክስተንና ከስቶን ማውንቴን ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር በሻንጣ የሚሄደው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ «ዘገየብኝ» የተባለው ነው። ለታናሽ እኅት ትምህርት ተብሎ ሲላክ የላኪው የይለፍ ቃሎች በማሰሻው ውስጥ ተቀምጠው፣ ያዘገየውም ቫይረስ አብሮ ይሄዳል። ከመላኩ በፊት ከላይ በተገለጸው መንገድ ዲስኩ ተሰርዞ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫንለት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለዚህ ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን መቀበል የሚችል መሆን አለመሆኑ ሻንጣው ሳይዘጋ ይታይ። የማይችል ከሆነም ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ጭኖ መላክ ይቻላል፤ ለተማሪ ጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል፣ የግዕዝ ፊደልም ይጻፍበታል።